የለጋሹን ስም ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን መንገድም እንጠይቅ



ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሳምንታት ሳይቆጠሩ የጤና ሚኒስቴራችን በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ ከ5,000 በላይ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ጁላይ 1 ላይ ደግሞ ዩኤስኤአይዲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ተዘጋ፤ የተረፈው ሥራ ወደ አሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተጠቃለለ። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ከአሜሪካ ብዙውን እርዳታ ስታገኝ የኖረችው ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ዱላው ማን ላይ እንዳረፈ ግልጽ ነው።

በወጣቶቻችን መካከል ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ “እሰይ! ከእጃቸው ወጣን” ይላል። ሌላው “አለቀልን፤ አሁን ዐረቦቹ ይድረሱልን እንጂ” ይላል። ሁለቱም የሚያዩት የሰጪውን ፊት ነው፤ አሜሪካ ነው ወይስ ሳዑዲ፣ ነጭ ነው ወይስ ሙስሊም። እኛ ግን ከሰጪው ፊት ይልቅ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነገር ይወስናል እንላለን። ይህን ለማየት ደግሞ ዋሽንግተን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራና ሰኮሩ ይበቃሉ።

መንገዶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንድ መንግሥት በቀጥታ ለእኛ መንግሥት ወይም ለእኛ አገር ፕሮጀክት ሲሰጥ የሁለትዮሽ ይባላል። ብዙ መንግሥታት ገንዘባቸውን አንድ ቋት ውስጥ ጨምረው፣ የዓለም ባንክ ወይም ግሎባል ፈንድ ወይም የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከቋቱ ሲያከፋፍል ደግሞ የባለብዙ ወገን ይባላል። የመጀመሪያው አንድ ሀብታም ጎረቤት በችግርህ ቀን እንደሚዘረጋልህ እጅ ነው። ሁለተኛው እንደ ዕድር ነው፤ ደንብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ይዘገያል፣ ግን አንዱ አባል ስለተቀየመ ብቻ ሬሳ ሳይነሣ አይቀርም። ሁለቱም ዘንድ ብድርም ስጦታም አለ። “እርዳታ” ተብሎ ሪባን ከተቆረጠበት ብዙው ነገር ልጆቻችን የሚከፍሉት ብድር መሆኑን መርሳት የለብንም። የወለዱን ጉዳይ ዑለማዎቻችን በሰፊው ያስተምሩበት ዘንድ ለእነርሱ እንተወው።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሁሉ በአሰንዳቦና በሰኮሩ መካከል የተኛውን ውሃ ያውቀዋል። የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ይህ ጣቢያ በ2004 ሥራ የጀመረው የዓለም ባንክ ባበደረው ገንዘብ ነው። ከዚያ ግድብ የሚወጣው ውሃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና 420 ሜጋዋት የሚሰጠውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። የጊቤ ሁለት ዋና ገንዘብ የመጣው በሌላ መንገድ ነበር። የጣሊያን መንግሥት ከልማት ትብብር ፈንዱ 220 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ፤ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ 50 ሚሊዮን ጨመረ፤ ቀሪው ከእኛ ካዝና ወጣ። ሥራው ግን በ2004 ያለ ዓለም አቀፍ ጨረታ በቀጥታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር። ጣሊያን አበደረች፣ የጣሊያን ኩባንያ ሠራ፣ ዕዳው የእኛ ሆነ። ጃንዋሪ 2010 ላይ በድምቀት ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ጣቢያው ቆመ፤ ጥገናው ወራት ፈጀ። የውል አሰጣጡ እዚያው ጣሊያን ውስጥ እንኳ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል።

ዋሻው የተደረመሰው ጨረታ ስላልነበረ ነው አንልም፤ ተራራ ውስጥ ምን እንዳለ አላህ ነው የሚያውቀው። የምንለው፣ አበዳሪውና ሠሪው የአንድ አገር ሰዎች ሲሆኑና ሌላ ተወዳዳሪ ሳይጠራ ሲቀር፣ ዋጋው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሦስተኛ ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም ነው። የሁለትዮሽ መንገድ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ትልልቅ ግንባታ በዚህ መንገድ ሲመጣ ቢያንስ ግልጽ ጨረታ ይውጣለት ማለት ጠላትነት አይደለም።

ታዲያ የቋቱ መንገድ ንጹሕ ነው? የመጀመሪያውን ግድብ እንደገና እንየው። የዓለም ባንክ የገባበት ስለሆነ ከመሬታቸው ለሚነሡ ገበሬዎች የማስፈር ደንብና ዕቅድ ነበረው፤ ያም ሆኖ በተነሡት ቤተሰቦች ዘንድ የመሬትና የካሣ ቅሬታ አልቀረም። ከዚያ ደግሞ ወባ መጣ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለግድቡ ውሃ በቀረቡ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ይልቅ ለወባ እንደሚጋለጡ አሳዩ። መብራቱ ወደ ከተማ ሄደ፤ ትንኟ እዚያው ቀረች። ደንብ የተጻፈለት ገንዘብም ቢሆን ደንቡን የሚጠይቅ ሰው ካላገኘ ወረቀት ነው።

ስለ ወባ ካነሣን ዘንድ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በእኛ አካባቢ የወባ ወቅትና የቡና ወቅት አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቆላማው ላይ ትንኝ ይበረታል፤ በዚያው ሰሞን እሸት ቡና ይቀላል። ለቀማ ላይ የወደቀች እናት የምታጣው የአንድ ሳምንት ጤና ብቻ አይደለም። የዓመቱን ገቢ፣ የልጆቹን ደብተር፣ ለነገ ያሰበችውን ሁሉ ነው። በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው የአሜሪካ ገንዘብ ከመቋረጡ በፊት ነው።

ወባን የምንከላከልበት ገንዘብ በሁለቱም መንገድ ይመጣ ነበር። ቤታችን የተሰቀለው አጎበር በብዛት የመጣው በግሎባል ፈንድ፣ ማለትም በቋቱ መንገድ ነው። የኬሚካል ርጭቱ፣ የምርመራውና የሥልጠናው ትልቅ ድርሻ ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የወባ ኢኒሼቲቭ የሚባለው የሁለትዮሽ ፕሮግራም ነበር፤ በ2008 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀምር ያተኮረውም ኦሮሚያ ላይ ነው። ፈጣን ነበር፣ ባለሙያ ነበረው፣ መኪና ነበረው። አንድ ፊርማ ደግሞ በአንድ ቀን አስደነገጠው። ቋቱ በአንድ ሰው ፊርማ በአንድ ቀን አይደርቅም። የበጀት ዙሩ የሦስት ዓመት ነው። በቦርዱ ላይ ድምፅ የሚሰጡት ለጋሾች ብቻ አይደሉም፤ ተቀባይ አገሮችም ይሰጣሉ። በየአገሩም መንግሥት፣ ለጋሾች፣ የሲቪል ማኅበራትና በበሽታው የተጠቁ ሰዎች የሚወከሉበት አስተባባሪ አካል እንዲኖር ያስገድዳል።

ቢሆንም ቋቱን ማን እንደሚሞላው ማወቅ አለብን። በግሎባል ፈንድ ውስጥ የአሜሪካ ድርሻ እስከ ሲሶ የሚደርስ ነው። ጁን 2023 ላይ እርዳታ እየተዘረፈ ለማይገባው ሰው ይሄዳል ተብሎ ዩኤስኤአይዲ የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ ሲያቆም፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም አብሮ አቆመ። አንዱ የሁለትዮሽ፣ ሌላው የባለብዙ ወገን፤ በሮቹ ሁለት፣ የቁልፉ ባለቤት ግን በአመዛኙ አንድ። ለስደተኞች ኦክቶበር ላይ፣ ለሌላው ደግሞ ወደ ዓመቱ መጨረሻ እስኪከፈት ድረስ የሌባውን ቅጣት የተራበው ሰው ከፈለ። ስለዚህ “የቋቱ መንገድ ይሻላል” ስንል ቋቱ ብዙ እጅ ሲገባበት ማለታችን ነው። አንድ ሰው የሞላው ዕድር ዕድር አይደለም።

ከዚህ በፊት አገራችን ይህን መንገድ የመለዋወጥ ነገር በሰፊው አይታዋለች። ብዙ ወጣት አያስታውሰውም፤ ሽማግሌዎቹም “ፒቢኤስ” የሚለውን ስም እንጂ ታሪኩን አይነግሩንም። እስከ 2005 ድረስ የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ እንግሊዝና ሌሎች ገንዘባቸውን በቀጥታ የፌዴራል በጀት ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ከግንቦቱ ምርጫ በኋላ ደም ሲፈስና ሰው ሲታሰር በዚህ መልክ መስጠቱን አቆሙ። ግን አንድ ችግር ገጠማቸው፤ መንግሥትን ለመቅጣት ብለው የአስተማሪውን ደመወዝ ሊቆርጡ ነው። መላው በ2006 ተገኘ። የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም፣ ፒቢኤስ፣ ተቋቋመ። የብዙ ለጋሾች ገንዘብ በዓለም ባንክ አስተባባሪነት ተሰብስቦ፣ በክልሎች ድጎማ በኩል እስከ ወረዳ ይወርድና የአስተማሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል። እዚህ ጎማ ወይም ማና ወረዳ ውስጥ በእነዚያ ዓመታት የተማረ ልጅ ከአስተማሪው ደመወዝ የተወሰነው ከለንደን ግብር ከፋይ እንደመጣ አያውቅም። ባለማወቁም አይፈረድበትም፤ ማንም አልነገረውም።

የፕሮግራሙ አንድ መልካም ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የወረዳው በጀት ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ኅብረተሰቡም ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጤና ጣቢያው ኃላፊዎችን ፊት ለፊት እንዲጠይቅ የሚያደርግ ክፍል ነበረው። ብዙ ለጋሽ በአንድ ቋት ሲሰበሰብ ለብቻው የማይደፍረውን ጥያቄ ይጠይቃል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ2012 የጋምቤላ አኝዋኮች ገንዘቡ ለመንደር ማሰባሰቡ ዘመቻ ውሏል፣ ከመሬታችን አፈናቅሎናል ብለው ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አመለከቱ። አንድ የጋምቤላ ገበሬም የእንግሊዝን የልማት መሥሪያ ቤት ለንደን ፍርድ ቤት አቆመ። እንግሊዝ በ2015 መጀመሪያ ለፒቢኤስ የምትሰጠውን አቋረጠች። እስኪ አስቡት፤ የጋምቤላ ገበሬ ሰሚ ያገኘው ዋሽንግተንና ለንደን ሄዶ ነው። በሁለቱም መንገድ አቤቱታ የሚሰማው ገንዘቡ ከሚወጣበት ከተማ እንጂ ከሚደርስበት ቀበሌ አይደለም።

ቡናው ላይ ደግሞ ሥዕሉ ለየት ይላል፤ እዚያ ሁለቱም መንገዶች ፍሬ አፍርተዋል። በ1971 የቡና ፍሬን ገና በጥሬው የሚያጠቁረው በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳ ሲፈጅ፣ መልካ ያገኘነው እዚሁ ጅማ መልኮ ካለው የምርምር ጣቢያ ነው። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 የተቋቋመው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና በፋኦ ድጋፍ ነበር። በሽታውን ከተቋቋሙ ዛፎች ተመርጠው የወጡት እነ 74110 እና 74112 ዛሬም በገበሬዎቻችን ማሳ ላይ ናቸው፤ ገበሬው በቁጥር ነው የሚጠራቸው። ማንም ባንዲራ አልለጠፈባቸውም። ምርምሩን የሠሩት ግን የራሳችን አገር ልጆችም ጭምር ናቸው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ዕውቀቱ ያልሄደው ለዚህ ነው።

የሁለትዮሹም የሚመሰገን ሥራ አለው። የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ በ1952 የተጀመረው በአሜሪካ ፖይንት ፎር ፕሮግራም፣ በኦክላሆማ መምህራን ነበር። ጃፓን ደግሞ ከ2003 ጀምሮ በጌራና በሸቤ ሶምቦ ወረዳዎች፣ በበለጠ ጌራ ደን ውስጥ፣ ዋቡብ የሚባሉ የደን ማኅበራትን ከገበሬው ጋር አደራጀች። በ2007 የደን ቡናቸው የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ አግኝቶ ከገበያው ዋጋ ጭማሪ ያገኙበት ጊዜ ነበር። አንድ አገር፣ አንድ ደን፣ ጥቂት ወረዳ፣ ብዙ ዓመት በትዕግሥት። ትልቁ ቋት እንዲህ ላለ ጠባብ ሥራ ትዕግሥቱ የለውም። ትምህርት ቤት፣ ምርምር፣ ደን፣ የእጅ ሙያ፤ ሰጪው ሲሄድ ሰው ትቶ የሚሄድበት ነገር በሁለትዮሽ ቢመጣ አንጠላም።

አሁን ወደ “ዐረቦቹ ይድረሱልን” እንመለስ። ሙስሊሙ ዓለም የራሱ ቋት አለው፤ በ1975 ሥራ የጀመረው የእስልምና ልማት ባንክ። ዛሬ 57 አባል አገሮች አሉት፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ለአባልነቱ መጀመሪያ የእስልምና ትብብር ድርጅት አባል መሆን ያስፈልጋል፤ አገራችን እርሱም አይደለችም። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው የልማት ገንዘብ ወደ እኛ የሚደርሰው በአመዛኙ አንድ መንግሥት ከአንድ መንግሥት ጋር ተነጋግሮ ነው። በጁን 2018 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ሲገቡ፣ ከዚህ 1 ቢሊዮኑ ብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ፣ 2 ቢሊዮኑ ኢንቨስትመንት ተብሎ ነበር። በዚያ ሳምንት የተደሰተ ሰው ብዙ ነው። የስምምነቱን ዝርዝር የጠየቀ ግን ማን ነበር? ሰጪው ሙስሊም መሆኑ ጥያቄውን አያስቀርም። አማና አማና ነው። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) እንኳ በግብፅ ጎተራ ላይ ሹመኝ ሲሉ ያቀረቡት ዘራቸውን ወይም የማን ወዳጅ መሆናቸውን ሳይሆን ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን ነበር።

እግረ መንገዳችንን፣ ከጅማ ወደ ውጭ የሄደም እርዳታ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለጅማ ሐጃጆች መካ ላይ ማረፊያ ቤት አዘጋጅተው እንደነበር ተመዝግቧል። ያ ዘመን ከሂርማታ ገበያ የተሰበሰበ ሀብት ድንበር ተሻግሮ ለሌላው ማረፊያ የሆነበት ዘመን ነው። ዛሬም ዘካችንንና ሰደቃችንን በሥርዓት ብንይዝ የአንድን ቀበሌ መድኃኒት የማንችልበት ምክንያት የለም። ሆኖም መጋነን የለብንም፤ ዘካ የተወሰነለት ቦታ አለው፣ የወረዳ ጤና ጣቢያን ደመወዝ የመክፈል ግዴታም የመንግሥት ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ቢቋረጥ በወሩ ሰው የሚገድል ነገር፣ አጎበር፣ የወባ መድኃኒት፣ ክትባት፣ ብዙ እጅ ባለበት ቋት ይምጣ፤ በጅምላ ሲገዛ ዋጋውም ይረክሳል። ሰው የሚያሠለጥንና ተቋም የሚተክል ነገር በሁለትዮሽ ይምጣ። ግንባታ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ጨረታው ይታይ። ደመወዝ ግን በሁለቱም መንገድ አይንጠልጠል፤ 5,000 ሰው በአንድ ደብዳቤ የሚወጣበት ጤና ሥርዓት ሌላ ደብዳቤም ይጠብቀዋል። አሜሪካ ሴፕቴምበር 2025 ላይ ባወጣችው አዲስ የጤና ስትራቴጂ የወደፊቱን ድጋፍ ከየመንግሥታቱ ጋር በሚፈረም የሁለትዮሽ ስምምነት እንደምታደርግ አስታውቃለች። ሚዛኑ ወደ አንድ እጅ እያዘነበለ ነው ማለት ነው። መንግሥታችን ሲፈርም የማብቂያው ቀንና ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ።

በጅማና በአካባቢዋ ከተሞች ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አላችሁ። በየጀማዓችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወደ ወረዳው የገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ። በአክብሮት ጠይቁ፤ እዚህ የሚሠሩት የስንቱ ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ነው፣ የስንቱ ከፕሮጀክት? የፕሮጀክቱ ስም ማን ነው? መቼ ያልቃል? የወባ መድኃኒቱስ ለስንት ወር አለ? መልሱን ጽፋችሁ ለኢማማችሁና ለቀበሌው ሽማግሌዎች አሳዩ፤ በጀት ሰሌዳው ባዶ ከሆነም እንዲለጠፍ ጠይቁ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ምክር ቤት የሚወያየው ከዚያ በፊት ነው። ከመስከረሙ ትንኝና ከጥቅምቱ ለቀማ በፊት ለመድረስ ጥያቄው ግንቦት ላይ መቅረብ አለበት።